የጣይባ ቤትና የማኅበራችን አምስተኛ ዓመት

ሚያዝያ 29 ቀን 1978፣ ሸዋ ሮቢት

ሙቀት። ከጠዋት ጀምሮ የስፌት መኪናው ብረት እጅ ያቃጥላል። አንድ ቀሚስ ጨረስኩ፤ የሌላውን አንገት አበላሽቼ መልሼ ፈታሁት። ታከለ ከአሰብ አልተመለሰም። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶ ይሆን? ወይ ጭነት እየጠበቀ… የሹፌር ሚስት ሥራዋ መገመት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጣይባ ከአስፋልት ዳር ሽንኩርቷን ሸጣ መጣች። የሚለየን አጥር ብቻ ነው፤ በበር ዞራ መምጣት ስለማትወድ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ትገባለች። "የደሴ መንገደኞች ዛሬ ሽንኩርት አይተው የሚያውቁ አይመስሉም፣ ተሻሙብኝ" ብላ ሳቀች። ልጄ አልማዝ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አልማዝ ጨቅላ ሳለች እኔ በወባ ስወድቅ ያጠባቻት ጣይባ ናት። የራሷን ልጅ በቀበረች በወሩ።

አመሻሹ ላይ እትዬ ፋናዬ መጡ። የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ እኔ ጸሐፊ ነኝ።

"ስሚ ጌጤ፣ ግንቦት ሃያ አራት አምስተኛ ዓመታችን ይከበራል። ከአውራጃ እንግዶች ይመጣሉ። መፈክሩን አንቺ ትሰፊያለሽ።"

"ምን የሚል?"

"እነሱ ያሉትን ነዋ።"

አምስት ዓመት… ሲመሠረት ከላይ ታዞ ነው። ማናችንም አልፈለግነውም፤ አዳራሹ ውስጥ ከሚያዳምጠው የሚያንቀላፋው ይበዛ ነበር። እትዬ ፋናዬ ብቻ ስንወጣ "ስሙን እነሱ ሰጡን፣ ሥራውን እኛ እንስጠው" አሉን። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን ናፊሳ ምጥ ጠናባት። ሦስታችን፣ እትዬ ፋናዬ፣ ጣይባና እኔ፣ አስፋልቱ መሀል ቆመን የጭነት መኪና አስቆምን። ሹፌሩ "እብዶች!" እያለ ወረደ። ናፊሳን ሲያያት ግን ራሱ አቅፎ ጋቢና አስገባት። ደብረ ሲና ሐኪም ጋ ደርሳ ተረፈች። እኔ ማኅበሩ የተመሠረተው ያን ቀን ነው እላለሁ።

ግንቦት 1

ሷሊሕ፣ ባሏ፣ ጣይባን አባረራት።

ጠዋት ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ፍራሿ፣ ድስቷ፣ የልብስ ሳጥኗ መንገድ ላይ። ሷሊሕ በሩን ተደግፎ "ፈትቻታለሁ! ቤቱ በስሜ ነው። ከአጣዬ ያጨኋት ሙሽራ ትገባበታለች" ይላል። ለማን ነው የሚያወራው? መንገደኛው ሁሉ ቆሟል።

ጣይባ አላለቀሰችም። ድስቷን አንስታ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገች። "ጌጤ፣ የዚህን ቤት ጭቃ ማን እንዳቦካው ታውቂያለሽ" አለችኝ።

አውቃለሁ እንጂ። አብሬያት ረግጫለሁ። ጭዱን በጀርባዋ ያመጣችው እሷ፣ ቆርቆሮውን በሽንኩርት ትርፏ የገዛችው እሷ። እሱ ያኔ እህል ሊነግድ ባቲ ነበር፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ መጥቶ በስሙ አስመዘገበው።

እኔ ዘንድ ገባች። ፍራሿን ከአልማዝ መደብ አጠገብ ዘረጋንላት።

ግንቦት 2

ረመዳን ገባ። ለጣይባ ማፍጠሪያ ቴምር ፈልጌ አጣሁ። በውኃ አፈጠረች። "የራሴ ቤት ቢሆን ሾርባ ሠርቼ አበላሽ ነበር" አለች… ዛሬ አለቀሰች።

ግንቦት 4

እትዬ ፋናዬ፣ ጣይባና እኔ ቀበሌ ሄድን። ሊቀመንበሩ ጓድ ወንድሙ ወንበር እንኳ አላሉንም። ከሷሊሕ ጋር አብረው ጫት እንደሚቅሙ ከተማው ያውቃል።

"ክሱን ፍርድ ሸንጎው ያየዋል። ግን ከበዓሉ በኋላ" አሉ።

"ሙሽራዋ ገብታ ከተደላደለች በኋላ ነው?" አሉ እትዬ ፋናዬ።

"ጓዲት ፋናዬ፣ እንግዶች በሚመጡበት ሰሞን የባልና የሚስት ጭቅጭቅ አደባባይ ይውጣ ነው የሚሉኝ?"

"አደባባይማ ወጥቷል። ፍራሿ መንገድ ላይ ነበር።"

ጓድ ወንድሙ ወደ እኔ ዞረው በበዓሉ ቀን የማነበውን ሪፖርት ሰጡኝ። ተቀበልኩ። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም… ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። ሌላው ይናገራል፣ እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ።

ግንቦት 5

ሪፖርቱን አነበብኩት። "በቀበሌያችን የሴቶች ጭቆና ከነሥሩ ተነቅሏል" ይላል። ቀና ስል ጣይባ እኔ ቤት ወለል ላይ ተኝታለች።

ይህን ነው በሰው ፊት የማነበው?

ግንቦት 8

እትዬ ፋናዬ ጣይባን ይዘው ሸህ አብዱልሀኪም ዘንድ ሄዱ። የከተማው ሙስሊም ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እኔም ተከተልኩ። በራፉ ላይ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሸሁ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፣ አላቋረጡም።

"ፍቺ ከሆነ መፍታት ይችላል" አሉ በመጨረሻ። "በላቧ የሠራችው ግን የራሷ ነው። የሴት ሀቅ መብላት ሐራም ነው። ሸንጎው ሲቀመጥ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።"

እትዬ ፋናዬ ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ "አስተግፊሩላህ! ተነሽ፣ ተነሽ!" ብለው ከለከሏቸው። ስንመለስ ጣይባ ፈጥና ፈጥና ትራመድ ነበር፤ ልንደርስባት አልቻልንም።

ግንቦት 10

ሙሽራዋ ገባች። እልልታው በአጥሩ በኩል ይሰማል። ጣይባ ልብሷን ስትሰበስብ አገኘኋት።

"ጀውሃ እናቴ ጋ እገባለሁ። ተዉኝ በቃ። አንቺንም አስቸገርኩሽ።"

ሮጬ እትዬ ፋናዬን ጠራኋቸው። መጥተው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"በንጉሡ ጊዜ ነው" አሉ። "ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ በለበስኩት ነጠላ ወጣሁ። የሚጮህልኝ አልነበረም፣ እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ቤቱ አይደለም… ዝምታዬ ነው። አንቺ ግን ጌጤ አለችሽ፣ እኔ አለሁሽ። ዛሬ ብትሄጂ ነገ ሌላዋን የሚያስወጣትን ማን 'ተው' ይለዋል?"

ጣይባ የሰበሰበችውን ልብስ መልሳ አስቀመጠች። "እሺ ምን እናድርግ? ከበዓሉ በኋላ ብለዋል።"

"በዓሉ ያለ ሴት ይከበራል?" አለ አንድ ድምፅ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ለካ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 13

ትናንት ሚካኤልን ሊያነግሡ ከወጡት ጋር ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተነጋገርን። ዛሬ ሮቢ ወንዝ ልብስ ከሚያጥቡት ጋር። ቃላችን አንድ ነው፦ ሸንጎው የጣይባን ጉዳይ ሳያይ ሰልፍ አንወጣም። አንጮህም፣ አንሳደብም። ቤታችን እንቀመጣለን።

አንዳንዷ ገና ሳልጨርስ "እኔ አለሁ" ትላለች። አንዳንዷ ዙሪያዋን ታያለች። ሙሚና ልብሱን ድንጋይ ላይ እየወቃች አቋረጠችኝ።

"ጌጤ፣ ልጄ አሥራ ስምንት ሊሞላው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ስም የሚሰጡት ማን ናቸው? ወንድሙ። እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ብገባ ልጄን ከሳቸው እጅ ማን ያወጣልኛል?"

እውነቷን ነው። ነይ አላልኳትም። ልብሷን አብሬያት ጨመቅኩና ተለያየን።

ግንቦት 15

ታከለ መጣ! ፊቱ በበረሃ ፀሐይ ከስሏል። ለጣይባ ቴምር አምጥቶላታል… መባረሯንም መፈታቷንም ሳያውቅ፣ ረመዳን ነው ብሎ ብቻ። ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ወሬውን ሰማ።

"አብደሻል? በዚህ ዘመን ሰው ለራሱ ቤት አይከራከርም፣ አንቺ ለሰው ቤት! ፀረ-አብዮት ቢሉሽ ከየት አመጣሻለሁ?"

"አልማዝን ማን አጠባት?"

ወጥቶ መኪናው ሥር ገብቶ ሲነካካ ዋለ። ራት ላይ እጁን እየታጠበ፣ እኔን ሳያይ፣ "ስብሰባ ያለሽ ቀን ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ" አለ።

ይበቃኛል።

ግንቦት 17

እትዬ ፋናዬን አሰሯቸው። አብዮት ጠባቂዎች ከጓሮአቸው ወሰዷቸው። በዓል ልታደናቅፊ አሲረሻል ብለው… "አንቺ" እያሉ፣ እናታቸውን የሚያህሉትን ሴት።

እሳቸው ከሌሉ ማን ይናገራል? ጣይባ "በኔ ምክንያት ነው፣ ክሱን ልተው" አለች። አልተውም አልኳት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ግንቦት 18

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ጣይባ፣ ናፊሳና እኔ ቀበሌ ሄደን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጥን። ሌላ ያሰብነው ነገር አልነበረም። ለእትዬ ፋናዬ ምሳ ይዘን ነበር፣ ዘበኛው አላስገባም አለን። ተቀመጥን። ከዚያ ከወንዝ ሁለት መጡ። ከገበያ ሌሎች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ግቢው ሞላ። ጥላ የለም። ሙስሊሞቹ ጾመኛ ናቸው፣ በዚያ ሐሩር ውኃ አልቀመሱም። አንዷ ክርስቲያን ቅል አውጥታ ልትጠጣ አለችና ጎረቤቷን አይታ መልሳ ከደነችው። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠጣም።

ሙሚናም መጣች። ሻሿን አስተካክላ አጠገቤ ተቀመጠች።

ጓድ ወንድሙ ወጡ። "ማን ነው የሰበሰባችሁ?"

እኔ ተነሳሁ።

"ሊቀመንበራችን ይፈቱልን። ሸንጎው የጣይባን ጉዳይ ይይልን። ያኔ ሰልፉን እንወጣለን።"

"ይህ አድማ ነው!"

"ምን አደረግን ጓድ ሊቀመንበር? ቁጭ ነው ያልነው።"

"ሁላችሁንም ባስራችሁስ?"

"ክፍሉ አይበቃንም" አለች ናፊሳ ከኋላ። ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ዘበኛው እንኳ ፊቱን አዞረ።

ጓድ ወንድሙ ላባቸውን ጠረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጌጤ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እንግዶቹ መጥተው ሴት ቢያጡ ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን። ሊቀመንበራቸው ታስረው፣ ጓደኛቸው ከሠራችው ቤት ተባርራ፣ ምኑን እናከብራለን አሉ ይበሏቸው።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ። ጽፌዋለሁ፣ ነገ እንዳልክደው።

ሰውየው ገቡ፣ ወጡ፣ ደግመው ገቡ። አሥር ሰዓት አልፎ የእስር ክፍሉ በር ተከፈተ። እትዬ ፋናዬ ነጠላቸውን እያራገፉ ወጡና ግቢውን አይተው ቆሙ። ሸንጎው ከነገ ወዲያ ይቀመጣል ተባለ።

ግንቦት 20

ሸንጎው ተቀመጠ። አዳራሹ በሴት ተሞልቶ፣ መስኮቱም ሰው ብቻ።

ሷሊሕ ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ቀረበ። "ቤቱ በስሜ ነው። እሷ ሽንኩርት ስትሸጥ ነው የኖረችው።"

ዳኛው ለስለስ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። "ቆርቆሮው በምን ተገዛ?" አሉት።

"በገንዘብ ነዋ።"

"በማን ገንዘብ?"

ሷሊሕ ኮፍያውን ማስተካከል ያዘ። ሸህ አብዱልሀኪም በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱና ለእኛ የነገሩንን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተናገሩ። እኔም ጭቃውን አብሬ መርገጤን መሰከርኩ። ሷሊሕ ሸሁን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ጣይባ "የምትይው አለሽ?" ሲሏት ቆመች። "ሷሊሕን አልጠላውም" አለች። "ልጃችንን አብረን ቀብረናል። መሄዱንም አልከለከልኩትም። ቤቴን ግን አልሰጠውም።"

ቤቱ እኩል እንዲካፈል ተፈረደ። በአስፋልቱ በኩል ያለው ክፍል ለጣይባ፣ የጓሮው ለሱ። መሀሉ በግድግዳ ይዘጋ። እልል ሊባል ሲል ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ አፋችንን በነጠላ ይዘን ወጣንና በሩ ላይ አቀለጥነው።

ግንቦት 21

መፈክሩን ሰፍቼ ጨረስኩ። ስፌቱ ቀጥ ብሏል። ትናንትና ዛሬ ያው ጨርቅ ነው… እጄ ነው የተለየው።

ግንቦት 24

በዓላችን።

ቃላችንን ጠብቀን ወጣን። በከተማችን እንዲህ ያለ ሰልፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ከገጠር ቀበሌዎች ሳይጠሩ የመጡ ነበሩ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጓድ ወንድሙ ፈገግ አሉ፣ ጥርሳቸው ብቻ።

ሪፖርቱን አነበብኩ። "የሴቶች ጭቆና ከነሥሩ…" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጣይባ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፣ ሙሚና ከጎኗ። "ተነቅሏል" የሚለውን "እየነቀልን ነው" ብዬ አነበብኩት። እንግዶቹ ልብ ያሉት አይመስለኝም። ሴቶቹ ግን አሉት። እልልታው ከዚያ ተነስቶ እንደገና ማንበብ እስኪያቅተኝ ቆየ። ጓድ ወንድሙም ልብ ብለውታል… አንገታቸውን አዙረው ሲያዩኝ አይቻለሁ። ይሁን።

ምሳው ለቀትር ተዘጋጅቶ ነበር። እትዬ ፋናዬ "ግማሻችን ጾሞ ግማሻችን የሚበላበት ድግስ የኛ አይደለም" አሉ። እንግዶቹ በሉ፤ እኛ ጠበቅን። መግሪብ ላይ አዛን ሲሰማ ታከለ ያመጣው ቴምር ዞረ። ሥጋው ላይ መለያየታችን ያለ ነው፤ ስለዚህ ምስርና ጎመን፣ ለሁላችን ከአንድ ትሪ። ናፊሳ ያኔ ምጥ ላይ ሳለች የሹፌሩን ጆሮ ነክሳ እንደነበር ዛሬ ገና ነገረችን። እትዬ ፋናዬ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ ሰውየው ለምን ጆሮውን ይዞ እንደተመለሰ አሁን ገባኝ።

ሰኔ 4

ኢድ አለፈ። ሷሊሕ የሱን ግማሽ ቆርቆሮ ነቅሎ ሸጠና ሙሽራዋን ይዞ አጣዬ ገባ። ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ አውቆ ነው። የመካከሉ ግድግዳ ገና እርጥብ ነበር። ታከለና የናፊሳ ባል ግድግዳው አናት ላይ ሸራ ወጥረው በድንጋይ ጫኑበት። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ገብቼ አየሁ፤ ግድግዳው ቆሟል። ጣይባ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትመርጣለች።

"ሾርባ አለ፣ ግቢ" አለችኝ።

ሰኔ 19

መጥፎ ወሬ። እትዬ ፋናዬ "በዕድሜ ምክንያት" ከሊቀመንበርነት ይነሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። "እስካሁን ዕድሜዬን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ደግነቱ አሁን አሰቡልኝ" ብለው ቀለዱ። እኔ ግን ተናደድኩ። እጄን ያዙኝ። "ወንበር ነው የወሰዱት" አሉኝ። "እናንተን አይደለም።"

ዛሬ ምርጫ ነበር። ጓድ ወንድሙ የሚስታቸውን እህት አስጠቆሙ። ሙሚና ተነስታ የእኔን ስም ጠራች። ሙሚና! ልጇን እያሰበች… እጅ አውጡ ሲባል አብዛኛው ለእኔ አወጣ። ጓድ ወንድሙ ደግመው አስቆጠሩ። ያው ነው።

ሐምሌ 6

ዝናብ። አዳራሹ ያፈሳል። ቢሆንም ስብሰባው ሞላ። መድረኩ ላይ እኔ፣ ከጎኔ ጣይባ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት፤ መሠረተ ትምህርት ላይ የተማረችው ፊደሏ ትልልቅ ነው፣ ግን ይነበባል። እትዬ ፋናዬ ከኋላ ከሙሚና ጋር ተቀምጠዋል። የሙሚና ልጅ ስሙ አልተጠራም፣ እስካሁን። በየስብሰባው ዓይኔ መጀመሪያ እሷን ይፈልጋል።

መሀል ላይ በሩ ተከፈተ። የማናውቃት ሴት፣ ሕፃን አዝላ፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ከጀውሃ ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግሯ ነው የመጣችው። ፊቷ አንድ ወገን አብጧል። ሁላችንንም አየችና ግራ ገባት።

"ቤት የሚያስመልሱት ሴቶች እናንተ ናችሁ?"

ሴቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ድሮ ቢሆን እኔም እትዬ ፋናዬን እፈልግ ነበር። ዛሬ አልፈለግኳቸውም። ጣይባ ተነስታ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደችላት፣ የራሷንም ወንበር ሰጠቻት።

"እኛ ነን" አልኳት። "ተቀመጪ እህቴ። ስምሽን ንገሪን፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሪ።"